ለጎልድ ፊሽ ጓደኛ ከጣና አይመጣም

የዛሬው ጥያቄ ከባሕር ዳር የመጣ ነው። አንዲት እናት 80 ሴንቲ ርዝመት፣ 35 ወርድ፣ 45 ቁመት ባለው አኳሪየም ሁለት ድቡልቡል ጎልድ ፊሾች አሏቸው። ልጃቸው ከሐይቁ ዳር ሁለት የቀረሶ (የቲላፒያ ዓሣ) ጫጩቶች በሃይላንድ ይዞ መጣና ጨመረባቸው። በአራተኛው ቀን የአንዱ ጎልድ ፊሽ ጭራ ተበጣጥሶ ተገኘ። «ቀረሶዎቹን ላውጣ? ካወጣሁስ ብቻቸውን እንዳይሆኑ ምን ልጨምርላቸው?» ይላሉ።

እህቴ፣ ቀረሶዎቹን ዛሬውኑ ያውጡ። ቀረሶ ገና ጣት ሳያክል የራሱን ጥግ ይይዛል፤ የያዘውን ጥግ አያስነካም። ድቡልቡል ጎልድ ፊሽ ደግሞ ሆዱ ከብዶት፣ ጭራውን እንደ ነጠላ እየጎተተ ነው የሚዋኘው። ቢነከስም ሮጦ አያመልጥም። ጭራው ከሥሩ ካልተጎዳ መልሶ ይበቅላል። መድኃኒት ከመፈለግዎ በፊት በየሁለት ቀኑ ሩቡን ውሃ ይቀይሩለት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ስላለው አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ አንድ ቀን ያሳድሩት።

ከጣና ሌላም ነገር አያምጡ። አምባዛ ሌሊት አዳኝ ነው፤ አፉ የቻለውን ሁሉ ይውጣል። እኔ ጋ አንድ ጊዜ ትንሽ አምባዛ ከጎልድ ፊሽ ጋር አሳድሬ፣ ጠዋት አንዱ ዓሣ የለም፤ የአምባዛው ሆድ ተነፍቷል። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ቀንድ አውጣውንም ይተዉት። በሐይቁ ዳር ያሉ አንዳንድ ቀንድ አውጣዎች ቢልሃርዚያ ያስተላልፋሉ፤ አኳሪየሙ ውስጥ እጁን የሚከተው ደግሞ ልጅዎ ነው።

ከሱቅስ? ጋፒ የሚባለው ትንሽ ዓሣ ቆንጆ ነው፣ ግን የሚስማማው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ የሚሞቅ ውሃ ነው። ጎልድ ፊሽ ከ18 እስከ 22 ይወዳል። አንዱን ሲያስደስቱ ሌላውን ያስጨንቃሉ። በዚያ ላይ ጎልድ ፊሽ ካደገ ጋፒውን ይበላዋል። መስታወት የሚልሰውን ዓሣም «ያጸዳልዎታል» ብለው ቢሰጡዎ እሺ አይበሉ። ሌሊት ጎልድ ፊሹ ጎን ላይ ተለጥፎ ከቆዳው ላይ ያለውን ዝልግልግ ሽፋን ይመጠዋል፤ ዓሣውን ከበሽታ የሚጠብቀው ያ ሽፋን ነው።

ለጎልድ ፊሽ የሚሆነው ጓደኛ ሌላ ጎልድ ፊሽ ነው። እሱም ዓይነቱን አይቶ ነው፦ ድቡልቡል ከድቡልቡል። ቀጭኑና ረጅሙ ዓይነት ፈጣን ስለሆነ ምግቡን ቀድሞ ይጨርስባቸዋል።

ግን ቦታ አለዎት ወይ? 80 በ35 በ45 ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል 126 ሊትር ይሆናል። ጠጠሩና ከላይ የሚተወው ባዶ ቦታ ሲቀነስ 110 ገደማ ይቀራል። እኔ ለመጀመሪያው ድቡልቡል 75 ሊትር፣ ለሚጨመረው ለእያንዳንዱ 40 እላለሁ። ጎልድ ፊሽ ጨጓራ የለውም፤ የበላው ቶሎ ያልፋል፣ ውሃውም ከቆሻሻው በሚወጣው አሞኒያ ቶሎ ይመረዛል። ስለዚህ አሁን ሞልቶብዎታል። ሦስተኛ ከፈለጉ መጀመሪያ ትልቅ አኳሪየም ያሠሩ።

እኔ ቁጥሩን የምወስነው መብራት የጠፋበትን ሌሊት አስቤ ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ጠረፍ ከተማ ውሃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በሚያዝያ ሙቀት ደግሞ ይብሱን ይቀንሳል። ፓምፑ ሲቆም ዓሣዎቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከፈት ዘጋ ያደርጋሉ። ያን ጊዜ ውሃውን በጣሳ እየቀዱ ከሁለት ስንዝር ከፍታ መልሰው ያፍስሱበት፤ እስኪረጋጉ አያቁሙ። ሁለት ዓሣ ከሆኑ ያድራሉ። አምስት ከሆኑ ግን ሲነጋ ሁሉንም በሕይወት አያገኟቸውም።

የወጡትን ቀረሶዎች ወደ ሐይቁ አይመልሷቸው፤ ለብቻቸው በሳፋ ያኑሯቸው። ከውጭ ከመጣ ዓሣ ጋር ስለዋሉ በሽታ ይዘው ሊገቡ ይችላሉ። ጎልድ ፊሽም ቢሰለችዎት ጣና ውስጥ እንዳይለቁት አደራ። መጤው አረም እንቦጭም እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ ሲታይ ጥቂት ነበር፤ ኋላ ግን ተስፋፋ። የጣና ነጭ ዓሣዎች ብዙዎቹ ዝርያዎቻቸው ሌላ ሐይቅ ውስጥ የሉም።

ትልቁን አኳሪየም ያሠሩ ቀን አዲሱን ጎልድ ፊሽ በቀጥታ አይቀላቅሉት። በሌላ ዕቃ ሦስት ሳምንት ይቆይ። ነጭ ነጠብጣብ ካልወጣበትና በደንብ ከበላ፣ ከነውሃው በፌስታል አድርገው በትልቁ አኳሪየም ውሃ ላይ 20 ደቂቃ ያንሳፍፉት፤ ከዚያ ይልቀቁት።