የእንባ ቀዳዳ ጠቧል ሲባል፦ ፎቶው፣ እጥበቱና መክፈቱ

እህቴ፣ የእናትሽ ዓይን ሁልጊዜ እንባ ያፈሳል፤ የታችኛው የእንባ ቀዳዳ ጠቧል፣ በኦሲቲ (ዓይንን በብርሃን እየቃኘ ፎቶ በሚያነሳ መሣሪያ) ይነሱና እንከፍተዋለን ተብለዋል። የጠየቅሽው ፎቶው ምን ይጠቅማል፣ ከተከፈተስ በኋላ ተመልሶ አይዘጋም ወይ ነው። ፎቶው ይጠቅማል፤ ነገር ግን እንባው ከቀዳዳው የሚወርድበት ቦይ በውሃ ታጥቦ ሳይታይ መቀስ አይነሳም።

ቀዳዳው በዓይን ቆቡ ጠርዝ፣ በአፍንጫ በኩል ባለች ትንሽ ጉብታ ላይ ነው። የጤነኛው ስፋት ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ቦዩ ከዚያ 2 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ቆቡ ውስጥ ይገባና ታጥፎ 8 ሚሊ ሜትር ያህል ወደ አፍንጫ ይሄዳል። ከዚያ የእንባ ከረጢቱ፣ ቀጥሎ ወደ አፍንጫ የሚወርደው ቱቦ ነው። እንባው የትኛውም ቦታ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ በተለይ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ላይ ሁለት ሦስት ምክንያት ተደራርቦ ይገኛል። የዓይን ድርቀት ራሱ እንባ ያስፈስሳል፤ ብዙ ሰው ይህን አያምንም።

በስሊት ላምፕ (ዓይን በሚታይበት ባለ ብርሃን ማይክሮስኮፕ) ሲታይ ሐኪሙ መጀመሪያ ቆቡን መንካት የለበትም። የታችኛው ቀዳዳ በቦታው ካለ ወደ ዓይን ኳሱ የዞረ ስለሆነ ቆቡ ካልተገለበጠ በደንብ አይታይም። ሳይነኩት ፊት ለፊት ከታየ ቆቡ ላልቶ ወደ ውጭ ዞሯል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀዳዳ እንባ ስለማይደርሰው ይደርቅና ይጠባል፤ ቆቡ ሳይስተካከል እሱን ብቻ ማስፋት ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ ፍሎረሲን የሚባል ማቅለሚያ ጠብታ በሁለቱም ዓይን ይጨመርና ሳይጠረግ 5 ደቂቃ ይጠበቃል። በሰማያዊ ብርሃን ቀለሙ አሁንም ደምቆ ከታየ ፍሳሹ ተይዟል፤ የት እንደተያዘ ግን አይናገርም።

ኦሲቲ በብርሃን የሚነሳ ነው፣ አያምም። ከላይ የተዘጋ የሚመስለው ቀዳዳ ስስ ሽፋን ብቻ ለብሶ ከሥሩ ክፍት ይሁን ወይስ አፉ በጠባሳ የተሞላ፣ ያንን ይለያል፤ ስፋቱም ስለሚለካ ከሕክምናው በፊትና በኋላ ለማነጻጸር ይመቻል። ቆቡ ሲነሳ ከመጠን በላይ ከተጎተተ አፉ ይለጠጥና ልኬቱ ይዛባል። ዋናው ድክመቱ ከአፉ ብዙም ጠልቆ አለማየቱ ነው። ከረጢቱ ወይም ቱቦው ከተጠረጠረ ማቅለሚያ ተሰጥቶ የሚነሳ ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ይታዘዛል። መሣሪያው በሌለበት ቦታ ኦሲቲ ካልተነሳ ብሎ ሕክምናውን ማዘግየት አያስፈልግም።

እጥበቱን ግን አትለፉት። ማደንዘዣ ጠብታ ይደረግና ቀዳዳው በማስፊያ ይከፈታል፤ ከዚያ ጫፉ ደብዛዛ በሆነ ካኑላ (ቀጭን ቱቦ መሰል መርፌ) 2 ሚሊ ሊትር ያህል ኖርማል ሳላይን (የጨው ውሃ) ይገፋል። ማስፊያው መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲደርስ ቆቡ ወደ ጆሮ በኩል ተወጥሮ አቅጣጫው ወደ አፍንጫ ይዞራል። ቆቡ ሳይወጠር ከተገፋ ግድግዳው ይበሳል። ውሃ ሲገፋ ቆቡ ካበጠ ውሃው ሥጋ ውስጥ ገብቷልና ወዲያው ማቆም ነው።

ጉሮሯቸው ላይ ጨው ጨው ካላቸው መንገዱ ክፍት ነው፤ ቀዳዳውን መክፈት የሚጠቅመው ያኔ ነው። ውሃው በገባበት ከተመለሰ ያው ቦይ ተዘግቷል። በላይኛው ቀዳዳ ከወጣ መዘጋቱ ሁለቱ ቦዮች ከሚገናኙበት ጀምሮ ወደ ታች ነው፤ ንፍጥ ወይም መግል ከቀላቀለ ከረጢቱ ወይም ቱቦው ይጠረጠራል። ከረጢቱ ቀልቶና አብጦ የሚያም ከሆነ አይታጠብም፣ መጀመሪያ ኢንፌክሽኑ ይታከማል።

ማስፋት ብቻውን ብዙ ጊዜ አይቆይም፤ በቀናት ወይም በሳምንታት ተመልሶ ይጠባል። ስለዚህ በሊዶኬይን ማደንዘዣ ተደንዝዞ ከቀዳዳው የኋላ ግድግዳ፣ ማለትም የዓይን ኳሱን ከሚነካው ወገን፣ በሦስት ቁርጥ ትንሽ ሥጋ ይነሳል። አንድ ቁርጥ ብቻ ከሆነ ጠርዞቹ መልሰው ሊጣበቁ ይችላሉ። ወደ አግድሙ ቦይ አብዝቶ መቁረጥ ደግሞ ዓይን በተጨፈነ ቁጥር እንባን የሚስበውን ኃይል ያዳክማል፤ ቀዳዳው ሰፍቶ እንባው ይቀጥላል። ደጋግሞ ለሚዘጋና ቦዩም ለጠበበ ሰው ቀጭን የሲሊኮን ቱቦ ለሳምንታት ይቀመጣል። ያን ጊዜ ዓይን ማሸት ቱቦውን ስቦ ያወጣዋል።

ተመልሶ መዘጋቱ በአብዛኛው ከመንስኤው ነው፤ የቆብ ጠርዝ ቁጣ፣ የትራኮማ ጠባሳ፣ ለዓመታት የሚጨመር የግላኮማ (የዓይን ግፊት ሕመም) ጠብታ፣ ዶሴታክሰል የተባለው የካንሰር መድኃኒት ሁሉ ያጠቡታል። የቆቡ ቁጣ በየቀኑ ሞቅ ባለ እርጥብ ጨርቅና ጠርዙን በማጽዳት ይያዛል። የግላኮማውንም ሆነ የካንሰሩን መድኃኒት ግን ራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ለሐኪሙ ንገሩ። ግላኮማ ካለባቸው ደግሞ ከሕክምናው በኋላ የሚሰጠው ስቴሮይድ (ቁጣ የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ጠብታ የዓይን ግፊት ሊጨምር ስለሚችል ይህንንም አስቀድመሽ ተናገሪ።

እንባው ደም ከቀላቀለ፣ ወይም በዓይንና በአፍንጫ መካከል ጠንካራ እብጠት ከተዳሰሰ፣ ስለ ቀዳዳው ከመነጋገር በፊት ሲቲ ስካን ይነሱ።