«ከማን አንሼ» ፊልሞች፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

የተናቀ ቡድን እያሳቀ ስለሚጫወትባቸው የስፖርት ኮሜዲዎች የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው ከጠበቅኩት በላይ ዘነበ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ማነህ ላላችሁኝ፦ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ያደግኩ፣ ትምህርት ቤት ከዋልኩት ቪዲዮ ቤትና ስታዲየም የዋልኩት የሚበልጥ ሰው ነኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ «ከማን አንሼ» ምን ማለት ነው?

አዲስ አበባ ስታዲየም የገባ ያውቀዋል። ጥላ ፎቅ አለ፣ ካታንጋ አለ፣ ሚስማር ተራ አለ፣ ከማን አንሼ የሚባልም ቦታ አለ። ለእነዚህ ፊልሞች በአማርኛ የተቆረጠ ስም ስለሌለን ከዚያ ተበደርኩ።

ጥያቄ፦ መጨረሻው ገና ሲጀምር ይታወቃል። ታዲያ ምኑ ነው የሚጥማችሁ?

ልክ ነህ፣ ይታወቃል። አሰልጣኙ ወይ ጠጪ ነው ወይ የድሮ ጥፋት አለበት። በረኛው ኳስ ይፈራል። አንዱ ቦርጫም ነው፣ አንዱ ራሱን ፔሌ አድርጓል። ይሸነፋሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ የመጨረሻው ጨዋታ ይመጣል። ግን ሠርግ ስትሄድም ማን እንደሚያገባ እያወቅክ ነው የምትሄደው።

እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው። መጀመሪያ ላይ እንስቅባቸዋለን። መሀል ላይ አብረናቸው እንስቃለን። ወደ መጨረሻው ሌላ ሰው ሲስቅባቸው ደማችን ይፈላል። መቼ ከእነሱ ወገን እንደሆንን አናውቀውም። በቁምነገር ፊልም ዳይሬክተሩ «እዘኑላቸው» እያለ ይጎትትሃል፤ ኮሜዲው ግን እያሳቀ ሳታስበው ያሻግርሃል። ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው በዚህ ነው። ካልተሻገርኩ ፊልሙ አልሠራም።

ጥያቄ፦ ምንም አይቼ አላውቅም። አንድ ብቻ ምረጥልኝ።

«ኩል ራኒንግስ»፣ 1993። በረዶ አይተው የማያውቁ ጃማይካውያን ለክረምት ኦሊምፒክ በቦብስሌድ ሊወዳደሩ ይሄዳሉ። ቦብስሌድ በበረዶ ቦይ ውስጥ ቁልቁል የሚምዘገዘግ ጎማ የሌለው ጋሪ በለው።

መጀመሪያ ያየሁት ሰፈራችን ካለ ቪዲዮ ቤት ነው፣ በሃምሳ ሳንቲም። በሩ ላይ ጆንያ ተንጠልጥሏል። አግዳሚው ለአምስት ሰው የተሠራ ነው፣ ዘጠኝ ሆነን ተቀምጠናል። እንግሊዝኛ እሰማለሁ የሚል አንድ ታላቃችን ከፊት ሆኖ ይተረጉማል፤ ግማሹን ከራሱ እንደሚፈጥር ሁላችንም እናውቃለን። የመጨረሻው ውድድር ላይ ጋሪው ተገለበጠ። ጭንቅላታቸው በረዶውን እየፈጨ ሲሄድ መብራት ድርግም! ባለቤቱ ብር አልመልስም አለ። ከዚያ አሸንፈዋል፣ አላሸነፉም የሚል ክርክር ሰፈሩን ለሁለት ከፈለው።

ጥያቄ፦ የጃማይካው ታሪክ እውነት ነው?

አጥንቱ እውነት ነው። በ1988 ካናዳ፣ ካልጋሪ ላይ በተደረገው የክረምት ኦሊምፒክ ተወዳድረዋል፣ ተገልብጠዋልም። ሥጋው ግን የፊልም ነው። ሐሳቡን ያመጡት የጃማይካን የጋሪ እሽቅድምድም ያዩ ሁለት አሜሪካውያን ነጋዴዎች ናቸው፤ ከተወዳዳሪዎቹ መካከል የሠራዊት አባላት ነበሩበት። በፊልሙ ጋሪውን ትከሻቸው ላይ ተሸክመው መስመሩን ያልፋሉ። በእውነቱ አልተሸከሙትም፣ አጠገቡ እየተራመዱ ነው የወጡት። ሕዝቡ ግን አጨብጭቦላቸዋል።

ጥያቄ፦ ሁሌ ማሸነፋቸው አይሰለችም?

ሁሌማ አያሸንፉም። የ1976ቱ «ዘ ባድ ኒውስ ቤርስ» ላይ ቢራ የማይለየው አሰልጣኝ የሚመራቸው የቤዝቦል ሕፃናት በፍጻሜው ይሸነፋሉ። በዚያው ዓመት የወጣው «ሮኪ»ም፣ ኮሜዲ ባይሆንም፣ በነጥብ ተሸንፎ ነው የሚያልቀው። «ኤዲ ዘ ኢግል» (2016) ላይ ያለው በስኪ እየተንሸራተተ የሚዘል እንግሊዛዊ ደግሞ፣ በእውነቱም ካልጋሪ ላይ በገባባቸው በሁለቱም ውድድሮች መጨረሻ ነው የወጣው። በፊልሙ ያለው አሰልጣኝ ግን የፈጠራ ነው። ለእኔ የተሸናፊዎቹ ይበልጣሉ። ዋንጫ ሲመጣ ቡድኑ እንደማንኛውም ቡድን ይሆንብኛል።

ጥያቄ፦ «ሻኦሊን ሶከር»ስ?

2001፣ የሆንግ ኮንጉ ስቴፈን ቻው፤ ኩንግ ፉ በእግር ኳስ። ተርጓሚ የማይፈልግ ፊልም ነው። ዛሬ ማታ እየው።

ጥያቄ፦ ከልጆቼ ጋር የማየው?

«ዘ ማይቲ ዳክስ»፣ 1992፣ የበረዶ ሆኪ ነው። ቤርስን ተይው፤ ልጆቹ አፋቸው አይጣል ነው።

ጥያቄ፦ 31 ለ 0 የተሸነፈ ቡድን ፊልም ተሠራለት የሚባለው ቀልድ ነው?

ቀልድ አይደለም። የፓስፊክ ደሴቷ አሜሪካን ሳሞአ በሚያዝያ 2001 በአውስትራሊያ 31 ለ 0 ተሸነፈች። 13ቱን ያገባው አርቺ ቶምፕሰን ብቻውን ነው። በረኛው ኒኪ ሳላፑ ያንን ሁሉ ኳስ ከመረቡ ሲለቅም ከዋለ በኋላ፣ በ2011 ቶንጋን 2 ለ 1 ሲያሸንፉም በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው። «ኔክስት ጎል ዊንስ» በሚል ስም በ2014 ዘጋቢ ፊልም፣ በ2023 ደግሞ በታይካ ዋይቲቲ ኮሜዲ ሆነ። ዘጋቢውን እዩ። ኮሜዲው አሰልጣኙን እያስታመመ በረኛውን ወደ ጥግ ገፍቶታል።

ጥያቄ፦ የሚሳቅበት ጥቁር ሰው ሲሆን ሳቁ ንቀት አይሆንም?

ይሆናል፣ ብዙ ጊዜ ሆኗልም። እኔ የማየው ቀልዱን ማን እንደሚጀምረው ነው። ተጫዋቹ በራሱ ከቀለደ ጨዋታ ነው። ካሜራው ከላይ ሆኖ ካሾፈ ስድብ ነው።

የኢኳቶሪያል ጊኒውን ኤሪክ ሙሳምባኒን አስታውሱ፣ ሲድኒ 2000። ሁለቱ ተፎካካሪዎቹ ቀድመው በመነሳታቸው ተሰናበቱና 100 ሜትሩን ብቻውን ዋኘ። 1 ደቂቃ ከ52.72 ሰከንድ ፈጀበት። የተለማመደው ሆቴል ገንዳ ውስጥ ነበር። መጨረሻ ላይ ሊሰምጥ ነው ተብሎ ተፈርቶ ነበር፤ ተመልካቹ ግን በጩኸት ገፍቶ አደረሰው። በ2016 ሪዮ ላይ የእኛው ዋናተኛ ኋላ ሲቀር ግን ኢንተርኔቱ በሰውነቱ ተሳለቀ። ሐቁን ለመናገር ከሁሉም የባስን እኛው ነበርን። እኔም አንድ ፎቶ ለጓደኛ ልኬያለሁ፣ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ለዚህ ዓይነት ፊልም የሚሆን ታሪክ አለ?

አበበ ቢቂላን እንዳትነኩት፣ እሱ ኮሜዲ አይሆንም። የ2013ቱ የአፍሪካ ዋንጫ ግን ይሆናል። ከ31 ዓመት በኋላ ገብተን ከዛምቢያ፣ ያውም ከባለዋንጫዋ ጋር። ፍጹም ቅጣት ምት ሳትን፣ በረኛችን ቀይ አየ፣ ገባብን። በአስር ሰው አዳነ ግርማ አቻ አደረገ። ስክሪፕት ጸሐፊ ቢጽፈው «አበዛኸው» ይባል ነበር።

የእኔ ምርጫ ግን ሮቤል ተክለማርያም ነው፤ በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው፣ በበረዶ ስኪ። መክፈቻውን እኔ ብጽፈው፦ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፣ መስቀል አደባባይ። ሯጮቹ ደረጃውን ሲወጡ ሲወርዱ አንድ ሰው ጎማ ባለው ስኪ፣ ሁለት ዘንግ ይዞ ብቅ ይላል። አንድ ሊስትሮ ቀና ብሎ ያየዋል። «ጋሼ፣ በረዶው የታለ?»

ጥያቄ፦ መብራት የጠፋበትን ፊልም ጨርሰህ አየኸው?

አየሁት፣ ከስንት ዓመት በኋላ በላፕቶፕ። እኔ ከ«አሸንፈዋል» ወገን ነበርኩ። ውርርዱ ኬክ በማኪያቶ ነበር። ያኔ ከፍዬ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።