«ትርፍ ጠመንጃ» ወይስ «ከግምጃ ቤት የወጣ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ነው። አሮጌ የጦር ጠመንጃ እሰበስባለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ዒላማ እተኩሳለሁ። ከኢትዮጵያ ተጭነው ከመጡት አሮጌ ጠመንጃዎች አንድ ውጅግራ ደርሶኛል። ለአባቴ በስልክ «ትርፍ ጠመንጃ ገዛሁ» ብላቸው «ሌላም አለህ እንዴ?» አሉኝ። ተኩሼ ስመለስ «አጠብኩት» ስላቸው ደግሞ ተቆጡ። እዚህ «ሰርፕለስ» የሚሉትን በአማርኛ ምን ልበለው? «ውጅግራ» ውስጥ «ጠመንጃ» የሚል ቃል አለ ይባላል፤ «ውጅግራ ጠመንጃ» ማለት ድግግሞሽ አይሆንም?

መልስ፦ አባትዎ የሰሙት እርስዎ ያሉትን ነው። «ትርፍ» ሲባል አማርኛ ሰሚ ወይ የንግድ ትርፍ ይታየዋል፣ ወይ ከሚያስፈልገው በላይ የሆነ ነገር፦ ትርፍ ጎማ፣ ትርፍ አልጋ፣ ታክሲ ላይ የተጫነ ትርፍ ሰው። ትርፍ ጠመንጃ ያለው ሰው ዋናው ጠመንጃ ቤቱ ተቀምጧል ማለት ነው። እርስዎ ሊሉ የፈለጉት ግን ጦሩ አዲስ ሲታጠቅ ከእጁ ያወጣውን ነው። መሥሪያ ቤቶቻችን እንዲህ ያለውን «የተወገደ ንብረት» ይሉታል። ለወንበርና ለአሮጌ መኪና ይሁን፤ ጠመንጃ «የተወገደ» ሲባል ግን የተሰበረ ይመስላል። «ሰልባጅ»ም ለልብስ የተሰጠ ቃል ነው፣ እዚያው ይቆይ። እኔ የምመርጠው «ከጦር ግምጃ ቤት የወጣ ጠመንጃ» የሚለውን ነው። ይረዝማል፤ አንዴ ከተነገረ በኋላ ግን «የግምጃ ቤቱ» ማለት ይበቃል።

አሁን ወደምወደው ወደ ውጅግራ ልምጣ። ፈረንሳዮች ይህን ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. ለጦራቸው ሲያስገቡ በመኮንኑ በባዚል ግራ ስም «ፉዚ ግራ» አሉት፤ «ፉዚ» ጠመንጃ ነው። የአፈሙዙ ስፋት 11 ሚሊሜትር፣ የሚጎርሰውም አንድ ጥይት ብቻ። በ1886 እ.ኤ.አ. ጭስ በሌለው ባሩድ የሚተኩሰው ለበል የተባለ ጠመንጃ ሲመጣ ግራው ቦታውን ለቀቀ፤ ከእነዚህም ብዙ ወደ እኛ አገር ተሻገረ፣ ዓድዋም ዋለ። እንግዲህ ያኔም ቢሆን ውጅግራ የደረሰን ከሌላ ጦር ግምጃ ቤት ወጥቶ ነው፤ የእርስዎ ግዢ ሁለተኛ መውጣቱ ነው።

ቃሉ በጆሮ እንጂ በወረቀት አለመምጣቱን ራሱ ይመሰክራል። በፈረንሳይኛ አጻጻፍ «ፉዚ» መጨረሻው ላይ «ል»፣ «ግራ» ደግሞ «ስ» አለው፤ ሁለቱም አይነበቡም። ከጽሑፍ ቀድተነው ቢሆን ዛሬ «ፉዚልግራስ» እንል ነበር። የሰማው ሰው ግን የተባለውን ብቻ ይዞ ሄደ። ከዚያ በኋላ አማርኛ የራሱን ሥራ ሠራበት። «ዚ» ወደ «ጅ» መዞሩ እንግዳ አይደለም፤ ከ«ገዛ» «ገዥ»፣ ከ«ያዘ» «ያዥ» እንደምንል፣ «ዥብ»ም «ጅብ»ም እንደሚባለው ነው። «ፉ» ወደ «ው» የላላውም ሁለቱም ከንፈር የሚጠይቁ ድምፆች ስለሆኑ ነው። «ግራ»ን ከግራ እጅ ጋር የሚያዛምዱ አሉ፤ ዝምድና የላቸውም።

ስለዚህ ድግግሞሹ በፈረንሳይኛ ነው፣ በአማርኛ የለም። «የሰሃራ በረሃ» ስንል «ሰሃራ» በዓረብኛ በረሃ መሆኑ ማንንም አያስጨንቅም። «ጠመንጃ» ራሱስ? አንዳንድ ሽማግሌዎች «ጠበንጃ» እንደሚሉት ከቱርክኛው «ታባንጃ» ጋር አንድ ቃል ነው፤ እዚያ ግን ትርጉሙ ሽጉጥ ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ አፈሙዙ ረዘመ። «ውጅግራ ጠመንጃ» ይበሉ፣ ደስ ካለዎትም «ውጅግራ» ብቻ።

ያልጠየቁኝን አንድ ነገር ላንሳ። «ዒላማ እተኩሳለሁ» ብለው ጽፈዋል፤ ይህ ከእንግሊዝኛው የተቀዳ አነጋገር ነው። በአማርኛ የሚተኮሰው ጥይቱ ነው፤ ዒላማው ይመታል ወይም ይሳታል። «ዒላማ ላይ እተኩሳለሁ» ይበሉ። «ተኮሰ» ለሚተኮሰው ነገር መጠንቀቅ ይፈልጋል፦ ቁስል ሲተኮስ በጋለ ብረት ነው፣ ሸሚዝ ሲተኮስ በካውያ ነው። እሳት ማስነካት በሁሉም ውስጥ አለ። የድሮው ጠመንጃም የሚፈነዳው የሚጤስ ገመድ ባሩዱን ሲነካው ነበርና ቃሉ ለጠመንጃ መሰጠቱ ለእኔ የሚገባኝ በዚህ መንገድ ነው።

የአባትዎ ቁጣም ምክንያት አለው። ልብስ ይታጠባል፣ ዕቃ ይታጠባል፤ ጠመንጃ ግን ይወለወላል። ከጨርቅና ከዘይት ጋር አብሮ የኖረ ቃል ነው፤ «አጠብኩት» ሲባል ውኃና ዝገት ይታያቸዋል። ሆኖም እርስዎም አልዋሹም። ውጅግራ የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ የጥቁር ባሩድ ጥላሸት እርጥበት ስቦ ብረቱን ይበላል፣ ዘይትም ብቻውን አያነሳውም። ስለዚህ በጥቁር ባሩድ የተኮሰ ሰው አፈሙዙን በሞቀ ውኃ አጥቦ፣ በደንብ አድርቆ፣ ከዚያ ዘይት ይቀባዋል። በሚቀጥለው ስልክ «በሙቅ ውኃ አጥቤ፣ አድርቄ፣ ወለወልኩት» ይበሏቸው።