መኪናው እስኪመለስ፦ ጸጥታው በታወከ አካባቢ እርዳታ ስለማጓጓዝ ጥያቄና መልስ

ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የእርዳታ እህልና መድኃኒት ከወደብ ተነሥቶ እስከ ማከፋፈያ ጣቢያ የሚደርስበትን ሥራ ሳስተባብር ቆይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ጊዜ የከበደኝ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ወደ ትግራይ የሚሄደው እርዳታ ይነሣባት በነበረችው ሰመራ ላይ ያሳለፍኩት ነው፤ ስለዚህም አብዛኛውን መልስ ከዚያው መንገድ እየቀዳሁ ሰጥቻለሁ። ከደረሱኝ ጥያቄዎች የሚቀራረቡትን አንድ ላይ አድርጌአቸዋለሁ።

ጥያቄ፦ በዜና «ይህን ያህል መኪና እርዳታ ገባ» ሲባል እንሰማለን፤ ብዙ ይሁን ትንሽ ግን መመዘን አልቻልንም። ለመሆኑ አንድ መኪና ስንት ሰው ይቀልባል?

መልስ፦ ስሌቱ ቀላል ነው። ባለተሳቢ ከባድ መኪና በተለምዶ 400 ኩንታል ይጭናል። በአገራችን የአንድ ተረጂ የወር ሙሉ ቀለብ 15 ኪሎ ስንዴ ወይም ማሽላ፣ አንድ ኪሎ ተኩል ጥራጥሬ እና ግማሽ ሊትር የማይሞላ ዘይት ሲሆን፣ በድምሩ ወደ 17 ኪሎ ይጠጋል። እንግዲህ አንድ ባለተሳቢ መኪና ለአንድ ወር የሚቀልበው 2,350 ያህል ሰው ነው። አንድ መቶ ሺህ ተረጂ ያለበት ወረዳ ለምግቡ ብቻ በየወሩ 43 መኪና ይፈልጋል። በጦርነቱ ጊዜ የተባበሩት መንግሥታት ለትግራይ በቀን 100 መኪና ያስፈልጋል ይል የነበረውም ምግቡን፣ ነዳጁን፣ የመጠለያና ሌላውን ቁሳቁስ በአንድነት ቆጥሮ ነው።

ይህ ግን የስሌቱ ግማሽ ነው። አንድ መኪና ደርሶ ለመመለስ ስድስት ቀን የሚፈጅበት ከሆነ፣ በየቀኑ አሥር መኪና ለማስነሣት 60 መኪና ይበቃል፤ በየኬላው እየቆመ ሃያ ቀን የሚፈጅበት ከሆነ ግን ለዚያችው ለአሥር መኪና ስምሪት 200 መኪና መያዝ ግድ ይላል። ወደዚህ ሥራ አዲስ የሚገቡ ወጣቶች የገባውን መኪና ቁጥር በደስታ ሲነግሩኝ፣ የተመለሰውን ሳልጠይቅ አላልፍም።

ጥያቄ፦ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ወደ ትግራይ የገቡ መኪኖች ሳይመለሱ ቀሩ ተብሎ ብዙ ተወርቶ ነበር። የሆነው ነገር ምን ነበር?

መልስ፦ ሰኔ 21 ቀን 2013 ዓ.ም. የፌዴራሉ መንግሥት የተናጠል ተኩስ አቁም አውጆ ጦሩ ከመቀሌ ከወጣ በኋላ፣ ቀናት ሳይቆዩ የተከዜ ድልድይ ፈረሰ፤ በኮምቦልቻና በአላማጣ በኩል ያለው መንገድም ለእርዳታ የማያገለግል ሆነ። የቀረው ከሰመራ ተነሥቶ በአፍዴራና በኤረብቲ በረሃ አቋርጦ፣ በአብአላ በኩል ወደ መቀሌ የሚወጣው አንድ መንገድ ብቻ ነበር። የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ባወጣው መግለጫ፣ ከሐምሌ 5 ጀምሮ ከገቡት 445 የኪራይ መኪኖች የተመለሱት 38 ብቻ እንደሆኑ አስታወቀ። መንግሥት መኪኖቹ ለጦር ሥራ ውለዋል የሚል ክስ አቀረበ፤ የትግራይ ኃይሎች ደግሞ ነዳጅ በመጥፋቱና ሾፌሮቹ በመንገድ የሚደርስባቸውን እንግልት በመፍራታቸው ነው አሉ።

በሁለቱ መካከል ዳኛ ሆኜ ለመቆም አልተነሣሁም። በሙያዬ የማውቀው ግን ይህ ነው፤ ነዳጅ ወደሌለበት አካባቢ የሚሄድ መኪና የመመለሻውን ነዳጅ ወይ ይዞ መሄድ አለበት፣ ወይም ነዳጁ ቀድሞት መድረሱ በጽሑፍ መረጋገጥ አለበት። በዚያ ክረምት እህሉ ሲፈቀድ ቦቴው ይከለከላል፤ ቦቴው ሲፈቀድ ጊዜው ያልፋል። መሪው ላይ ያለው ሰው በምን ነዳጅ ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ሳይታወቅ መኪና ማስነሣት፣ ለተራበው ከማዘን የመጣ ቢሆንም፣ ስሕተት ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከተሳሳቱትም አንዱ እኔ ነኝ። የነዳጁ ጉዳይ ሌላም ጉዳት አስከትሏል፤ መቀሌ የደረሰው እህል እንኳ ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚወጣበት ነዳጅ አጥቶ በመጋዘን የተቀመጠበት ጊዜ ነበር። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ዳግም በተነሣበት ዕለትም፣ መቀሌ ከሚገኘው የዓለም ምግብ ፕሮግራም ግቢ 12 ቦቴ ሙሉ፣ ማለትም 570,000 ሊትር ነዳጅ፣ በትግራይ ኃይሎች መወሰዱን የተባበሩት መንግሥታት አስታውቋል። በነዚያ ቦቴዎች ስንት ኩንታል ወደ ወረዳ ይወጣ እንደነበር ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ጥያቄ፦ ፈቃድ ከበላይ ከተሰጠ በኋላ መኪኖች ኬላ ላይ ለቀናት የሚቆሙት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ፈቃድ አዲስ አበባ ላይ ይሰጣል፤ በሩን የሚከፍተው ግን ኬላው ላይ የቆመው ሰው ነው። እሱ ዘንድ የሚደርሰው ዝርዝር የሾፌሩን ስምና የመንጃ ፈቃድ ቁጥር፣ የመኪናውንና የተሳቢውን ሰሌዳ፣ የጭነቱን ዓይነትና መጠን፣ የመነሻውን ሰዓትና የሚሄድበትን መንገድ ይይዛል። ይኸው ዝርዝር በመንገዱ ላይ ኃይል ላላቸው ወገኖች ሁሉ በተመሳሳይ ሰዓት መድረስ አለበት። አንዱ ቀድሞ አውቆ ሌላው በወሬ ከሰማ፣ በወሬ የሰማው ሰው ይጠረጥራል፤ መጠርጠሩም አያስወቅሰውም።

አንድ ምሳሌ ልንገራችሁ። አንድ ጊዜ አሥራ ስምንት መኪና አሰልፈን ልንነሣ ባልንበት ዋዜማ የአንዱ ተሳቢ አክሰል ተሰብሮ፣ ጭነቱ ሌሊቱን ወደ ሌላ ተሳቢ ተገለበጠ። ጫኝና አውራጆቹ በባትሪ መብራት ሲሠሩ አደሩ፤ የስምሪት ክፍላችን ግን የአዲሱን ተሳቢ ሰሌዳ በዝርዝሩ ላይ ሳያስተካክል ቀረ። ኬላው ላይ የነበረው ወጣት ፈታሽ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ አነበበ፤ አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርስ ጣቱ ቆመ። የመኪናው ሰሌዳ ልክ ነው፤ የተሳቢው አይደለም። ያልታወቀ ተሳቢ እንዳያሳልፍ ታዝዟል፤ ደውሎ የሚያጣራበት ኔትዎርክ አልነበረም። ሁለት ቀን ተኩል ቆምን። ሾፌሮቹ ጥላ ፍለጋ ከተሳቢዎቹ ሥር ገብተው፣ በእርጥብ ጆንያ ከጠቀለሉት ጀሪካን ውኃ በኩባያ እየለኩ ይካፈሉ ነበር። ከላይ የተጫነው የዘይት ካርቶን ከሙቀቱ የተነሣ ወዝቶ ጎኑ ጠቁሮ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ ልማድ አንድ ነው። ሞተር ከመነሣቱ በፊት፣ ንጋት ላይ፣ አንድ ሰው ዝርዝሩን ይዞ በሰልፉ ዳር በእግሩ ይሄዳል፤ ሰሌዳውን ከፊትም ከኋላም በዓይኑ ያያል፤ ሾፌሩን በስሙ ይጠራዋል። አርባ ደቂቃ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ ለምን በወታደር አይታጀቡም? ባዶ እጅ መሄድ ሾፌሩን ለአደጋ ማጋለጥ አይደለም?

መልስ፦ ጥያቄው ከቅን ልብ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የዓለም አቀፍ የእርዳታ ተቋማት መመሪያ የታጠቀ አጀብ ሌላው አማራጭ ሁሉ ካለቀ በኋላ ብቻ እንዲታሰብ ይመክራል፤ ምክንያቱም በጦርነት ውስጥ አጃቢው ራሱ የአንዱ ወገን ሰው ነው። ዛሬ በአንዱ ወገን ጠመንጃ የታጀበ እህል፣ ነገ ያለ አጀብ ሲመጣ በሌላው ወገን ዘንድ የጠላት ስንቅ ሆኖ ይታያል። በሶማሊያ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ድርጅቶቹ ለጥበቃ ታጣቂ መቅጠር ግድ ሆኖባቸው ነበር፤ የጥበቃው ክፍያም ተመልሶ ታጣቂውን ማጠናከሪያ ሆነ።

ያለ ጠመንጃ መሄድ ከአደጋ ያድናል እያልኩ ግን አይደለም። ሰኔ 17 ቀን 2013 ዓ.ም. በትግራይ የተገደሉት ሦስት የድንበር የለሽ ሐኪሞች ሠራተኞች መኪናቸው በግልጽ ምልክት የተደረገበት ነበር፤ ከሦስቱም አንዱ ሾፌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ዙሪያ 383 የእርዳታ ሠራተኞች ተገድለዋል፤ አብዛኞቹም በዚያው በገዛ አገራቸው የሚሠሩ ነበሩ። አጀብ የሌለው ጉዞ የሚታመነው አስቀድሞ በተሠራ ንግግር ብቻ ነው፤ ከአገር ሽማግሌው፣ ከወረዳው አስተዳዳሪ፣ ከታጣቂው አዛዥ ጋር የተደረገ፣ በየጊዜው የሚታደስ ንግግር። በአፋር መንገድ ላይ ከጎሣ መሪዎች ጋር ሻይ እየጠጣሁ ያሳለፍኩት ሰዓት፣ ከጻፍኩት ደብዳቤ ሁሉ ይበልጥ መንገድ ከፍቶልኛል።

ጥያቄ፦ መንገድ ከተዘጋ በአውሮፕላን መጣል አይቻልም?

መልስ፦ ይቻላል፤ በእኛም አገር በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ መኪና በማይደርስባቸው ደጋማ ቦታዎች ተደርጓል። ለደቡብ ሱዳን ደግሞ የዓለም ምግብ ፕሮግራም ከጋምቤላ እየተነሣ እህል ሲጥል ቆይቷል። ነገር ግን ኢሉሺን 76 የተባለው ትልቅ የጭነት አውሮፕላን በአንድ በረራ የሚጥለው 30 ቶን ገደማ፣ ማለትም ከአንድ ባለተሳቢ መኪና ያነሰ ነው፤ ወጪው ግን ከመኪናው ብዙ እጥፍ ነው። በተጨማሪም መሬት ላይ ሜዳውን ከሰውና ከከብት የሚያጸዱ፣ የወደቀውን የሚሰበስቡና የሚቆጥሩ ሰዎች ቀድመው መገኘት አለባቸው። ጆንያው እንዳይፈነዳ ተደራርቦ ይታሸጋል፤ ዘይት ደግሞ ለብቻው በጃንጥላ ይወርዳል። ሰማዩም ቢሆን ፈቃድ ይጠይቃል፤ መንገዱን የዘጋ ኃይል ሰማዩን በነፃ አይለቅም። ስለዚህ ሌላ ምንም መንገድ ለሌለው ሕዝብ ብቻ የሚታሰብ ነው።

ጥያቄ፦ በ2015 ዓ.ም. እርዳታው ተዘርፏል ተብሎ ቆሞ ነበር። የእናንተ ሰነድ የት ነበር?

መልስ፦ የሚያምም፣ ግን ተገቢ ጥያቄ ነው። የአሜሪካ ተራድኦ ድርጅት (ዩኤስኤአይዲ) እና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፣ ቀጥሎም ሰኔ ላይ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታውን አቆሙ፤ በርካታ ወራት ካለፉ በኋላ አዲስ የምዝገባና የቁጥጥር ሥርዓት ተዘርግቶ ቀስ በቀስ ቀጠለ። በእነዚያ ወራት የተጎዳው ሰራቂው አልነበረም፤ ቀለቧ የተቋረጠባት እናት ነበረች። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማቆሙ ልክ ነበር ብዬ አላምንም።

ወደ ሰነዱ ስመለስ፣ የእኛ ወረቀት እህሉን የሚከተለው እስከ መጋዘን ድረስ ነው። ሲወጣ የወጪ ሰነዱ ሞዴል 22፣ ሲገባ የገቢ ሰነዱ ሞዴል 19 ይቆረጥለታል፤ ሾፌሩ የተፈረመበትን የጭነት ሰነድ ይዞ ካልተመለሰ ኪራዩ አይከፈልም። መጋዘን ለመጋዘን ሲመሳከር ሁሉም ልክ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ቀዳዳው ያለው ከወረዳው መጋዘን እስከ ተረጂው እጅ ባለው አጭር መንገድ ላይ ነው፤ ማን ተረጂ ነው የሚለው ዝርዝር በማን እጅ እንደሚዘጋጅ መጠየቅ የሚገባው እዚያ ነው። የወረዳ ባለሥልጣን ብቻውን ያዘጋጀው ዝርዝር፣ ተረጂዎቹ በአደባባይ ሲነበብ ሰምተው ካላረሙት፣ አሥር ማኅተም ቢያርፍበትም አያስተማምነኝም።

ጥያቄ፦ ክረምትስ?

መልስ፦ ዋልካ አፈር ያለበት መንገድ ባለተሳቢ አያስገባም። እህሉ ከሰኔ በፊት ገብቶ ማደር አለበት፤ ካልሆነ በትንንሽ መኪና እየተገለበጠ ይገባል፤ በእያንዳንዱ መገልበጥም ጆንያ ይቀደዳል፣ ቁጥር ይዛባል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ባለቤቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አሁን የእርዳታ ጭነት ይዞ ጸጥታ ወደሌለበት አካባቢ እንዲሄድ ተጠይቋል። ኪራዩ ጥሩ ነው፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ምን እንዲጠይቅ ልንገረው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ይህን ጥያቄ መጨረሻ ያደረግሁት በቂ ቦታ ልሰጠው ብዬ ነው። የእርዳታ ድርጅቱ ሠራተኛ ዋስትናም፣ የሬዲዮ ግንኙነትም፣ የጸጥታ ሥልጠናም አለው፤ የኪራይ መኪና ሾፌርና ረዳቱ ግን ውላቸው ከትራንስፖርት ማኅበሩ ወይም ከባለንብረቱ ጋር ስለሆነ፣ ብዙ ጊዜ ከዚህ ሁሉ ውጭ ናቸው። ይህ እንዲቀየር በየስብሰባው ተናግሬአለሁ፤ በአንዳንድ ውሎች ተቀይሯል፣ በብዙዎቹ አልተቀየረም።

ስለዚህ ከመጫኑ በፊት ይጠይቅ። የሕይወትና የአካል ጉዳት ዋስትናው ለእሱም ለረዳቱም መሆኑን፣ የጦርነት አደጋን የማይጨምር አንቀጽም እንደሌለበት ወረቀቱን አይቶ ያረጋግጥ። መኪናው ኬላ ላይ በሚቆምበት ቀን ሁሉ የቀን አበል የሚከፍለው ማን እንደሆነ ይጻፍለት። የመመለሻ ነዳጁ የት እንደሚሞላ የከተማውን ስም ይንገሩት፤ «እዚያ ትሞላለህ» የሚል መልስ አይቀበል። ስሙና ሁለቱም ሰሌዳዎች በዝርዝሩ ላይ በትክክል መጻፋቸውን ራሱ ያንብብ። ማንንም በመንገድ አይጫን፤ የታመመም ቢሆን ለሰልፉ መሪ ያሳውቅ። ካሜራና የወታደር ልብስ የሚመስል ጃኬት ቤት ይተው። በመጨረሻም ሌሊት የሚያነሣ የስምሪት ኃላፊ ስልክ ለእሱ ብቻ ሳይሆን ለአንቺም ይሰጥሽ፤ ከመነሣቱ በፊት ባለው ምሽትም ደውዪና ማን እንደሚያነሣው አረጋግጪ።