«ባንድ ምን ትርፍ አለው?» ላላችሁኝ ልጆች

ሰሞኑን አንድ ኪቦርድ የሚጫወት ወጣት እንዲህ አለኝ፦ «ጋሼ፣ በዚህ ኑሮ 12 ሰው መድረክ ላይ ማቆም ምን ትርፍ አለው? እኔ በአንድ ላፕቶፕ ሁሉንም አወጣዋለሁ።» ክፋት አልነበረበትም፤ ከልቡ ነው የጠየቀው። እኔን ግን የቆየ ነገር ቀሰቀሰብኝ።

በ1980ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር፣ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ክለብ ሳክስፎን እጫወት ነበር። ትሮምቦን የሚነፋው ሰው በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣል። በወታደር ባንድ ያደገ ነው፤ ኖታ ያነባል፣ ብዙ አያወራም። ዘፈኑ ሲጀመር ወንበሩ ላይ ይቀመጥና በአንድ ጣቱ ጭኑ ላይ ይቆጥራል። ተራው ሲደርስ ብድግ ይላል። አራት ኖታ ይነፋል። አራት ብቻ! ከዚያ ተመልሶ ይቀመጣል። ድምፃዊቷ ግን እሱ ሲነሳ ዞር ትልለት ነበር። የሚቀጥለውን ስንኝ የምታነሳው እሱ ካቆመበት ነው። እሱ የቀረ ቀን ዘፈኑ ያው ነበር፣ ግን እሷ መግቢያው ይጠፋባታል። ይህን እኔም የገባኝ ቆይቶ ነው።

አንድ ቅዳሜ ሌሊት ጊታሪስቱ ክር ተበጠሰበት። ለብቻ የሚጫወቱበት ቦታ፣ ሶሎው፣ የእሱ ነበር። ሽማግሌው ማንም ሳይጠራው ተነሳና ያንን ቦታ ያዘው። ቀስ ብሎ ነው የጀመረው። ድራመሩ ዱላውን አስቀምጦ በእጁ መምታት ጀመረ። አስተናጋጆቹ ትሪ እንደያዙ ቆሙ። እንደዚያ ያለ ትዝታ ከዚያ በኋላ አልሰማሁም።

ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ባለቤት የትንፋሽ መሣሪያ ተጫዋቾቹን ጠራን። «አንድ ኪቦርድ የእናንተን ሁሉ ድምፅ ያወጣል ተብያለሁ» አለን። በቃ፣ ተሰናበትን።

ሥራው አይደለም የሚቆጨኝ፤ ሥራ ሌላም ተገኝቷል። ሽማግሌው ካረፈ በኋላ ሴት ልጁ ደወለችልኝ። «የአባቴ አጨዋወት ያለበት ካሴት አለህ?» አለችኝ። የለኝም። ማንም የለውም። ከባንኮኒው ጀርባ ቴፕ ነበር፤ በየምሽቱ የሌላ ሰው ካሴት ይጫወትበታል።

ስለዚህ ለዚያ ወጣት መልስ ከመስጠቴ በፊት መድረክ ላይ የተቀዳ አንድ ላይቭ አልበም ስማ አልኩት። የአሜሪካኖቹ የቴደስኪ ትራክስ ባንድ «ላይቭ ፍሮም ዘ ፎክስ ኦክላንድ» ነው። የተቀዳው እ.ኤ.አ. መስከረም 9 ቀን 2016 ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው፤ ለእኛ ጳጉሜ 4 መሆኑ ነው። አልበሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ወጣ። ኦክላንድ የኖራችሁ ፎክስ ቲያትርን ታውቁታላችሁ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ነው፤ በዚያው መንገድ ወደ ላይ ስትወጡ የሀበሻ ምግብ ቤቶች ታገኛላችሁ።

ሱዛን ቴደስኪና ዴሪክ ትራክስ ባልና ሚስት ናቸው። እያንዳንዳቸው የታወቀ የራሳቸው ባንድ ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2010 ያንን ትተው አንድ ትልቅ ባንድ አቋቋሙ። በወጪ ካሰባችሁት እብደት ነው። ያን ምሽት መድረኩ ላይ 12 ነበሩ፦ ሁለት ድራመር፣ ሦስት የትንፋሽ መሣሪያ፣ ሦስት ተቀባዮች፣ ሌሎችም።

አሁን ጆሯችሁን ስጡኝ። ዴሪክ ጊታሩን በመጫሪያ አይመታም፤ በጣቱ ነው። በሌላው እጁ ጣት ያጠለቀውን የብርጭቆ ቱቦ ክሩ ላይ ያንሸራትታል። ድምፁ እንደ ማሲንቆ ከኖታ ወደ ኖታ ይሳባል። ባንዱ በስሙ ይጠራል፣ እሱ ግን አይዘፍንም። ሚስቱ ስትዘፍን ዝም ማለት ያውቃል። «ዚዝ ዎልስ» የሚለው ላይ ደግሞ የህንዱ የሙዚቃ ሊቅ የአሊ አክባር ካን ልጅ አላም ካን ሳሮድ በሚባል የህንድ ባለ ክር መሣሪያ ይገባል። አሜሪካዊ ብሉዝና የህንድ ክር አንድ ላይ! አንዱ ሌላውን እየጠበቀ ነው የሚሄዱት። ሁለቱን ድራመሮችም ለይታችሁ ስሙ። ሁለቱም እኩል ቢደበድቡ ኖሮ ጩኸት ነበር የሚሆነው።

እናንተ ላይ የማየውን ልናገር፣ አትቀየሙኝ። ልምምድ ላይ ተራችሁ እስኪደርስ ስልክ ታያላችሁ። ሁላችሁም ሶሎ ትፈልጋላችሁ። አራት ኖታ ለመንፋት አንድ ሙሉ ዘፈን ተቀምጦ የሚቆጥር ልጅ አጥቻለሁ። ስኬልና ሜትሮኖም ተለማመዱ አልላችሁም፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ላፕቶፕንም አልጠላም። ያ ወጣት የሠራውን አሰምቶኝ ቤዙ ከወንበሬ አስነስቶኛል። ኪቦርድ ከሥራ ያስወጣኝ ሰው ይህን ማለቴ ለራሴም ይገርመኛል። ግን የሠራው ብቻውን ነው፤ የሚመልስለት ሰው የለም።

የቴደስኪ ትራክስ ባንድ የኪቦርድና የዋሽንት ተጫዋች ኮፊ በርብሪጅ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 15 ቀን 2019 አረፈ፤ «ሳይንዝ» (Signs) የተባለው አልበማቸው የወጣ ቀን ነው። የፎክሱ ምሽት ግን ተቀድቷል። ቤተሰቡ እሱ ሲጫወት መስማት ሲፈልግ ይሰማዋል።

ስልክ ታያላችሁ ብዬ የወቀስኳችሁን እዚህ ላይ እመልሳለሁ። ለመቅጃ አውጡት። ድራሙ አጠገብ አታስቀምጡት፣ ሁሉንም ይውጠዋል፤ ከክፍሉ ማዶ ከፍ ያለ ቦታ ላይ አድርጉት። የተበላሸውንም ምሽት አታጥፉ። ፋይሉ ላይ ቀኑን ጻፉ፣ የተጫወቱትንም ስም በሙሉ፣ የተቀባዮቹንም ጭምር።