እንቁላል ጣይ ዶሮና የታኅሣሥ ብርድ፦ ጥያቄና መልስ

ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋና ከለገጣፎ አርቢዎች ሰሞኑን የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ።

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ማታ ማታ ከሰል ላስገባላቸው?

እህቴ፣ እባክሽ ይቅርብሽ። በተዘጋ ቤት ውስጥ ከሰል ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ያወጣል። ዶሮውንም ሊያይ የገባውንም ሰው ይገድላል። ላባዋ የሞላ ጤነኛ ዶሮ የእኛን አገር ብርድ ትችለዋለች። የማትችለው እርጥበትን ነው። ጫጩቶች ከሆኑ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ መስኮቱን በሸራ ድፍን አድርጌ ዘጋሁት። ጠዋት ስከፍት ዓይን የሚያቃጥል ሽታ አለ።

አሞኒያ ነው፣ ከእርጥብ ኩስ የሚወጣ። ዓይናቸውንና ሳንባቸውን ይጎዳል፤ ከዚያ ሳል ይከተላል። ቆመህ ስታሸት ቀላል ይመስልሃል። ቁጭ ብለህ በእነሱ ቁመት አሽት፣ ያኔ ይገባሃል። ሸራውን ከታች ዝጋና ከጣሪያው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ተው። እርጥቡ አየር በዚያ ይወጣል፤ ነፋሱም ቆጥ ላይ ያሉትን በቀጥታ አይመታም። ጉዝጓዙን ደግሞ ጨብጠህ ጭመቀው። ስትለቀው ተጣብቆ ከቀረ እርጥብ ነው። በተለይ ውሃ ማጠጫው ዙሪያ ያለውን ዝቀህ አውጣና ደረቅ ሰጋቱራ ወይም ጭድ አልብስ። ይህን ብቻ ብታደርግ እንኳ ብዙ ችግር ይቀልልሃል።

ጥያቄ፦ እንቁላል ቀነሰብኝ። ብርዱ ነው?

ብርዱን ብቻ አትውቀሱ። ንጋት ላይ ውሃው በጣም ሲቀዘቅዝ ትንሽ ይጠጣሉ፤ ያልጠጣች ዶሮ ደግሞ በደንብ አትበላም። ለብ ያለ ውሃ ስጧቸው። አንዲት ጣይ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም መኖ ትበላለች፤ ሲበርድ ከዚያም ትጨምራለች። መኖ የሚቆጠበው በዚህ ወቅት አይደለም!

ብርሃኑም አለ። ታኅሣሥ ላይ ቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፤ ጣይ ዶሮ ግን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ብርሃን ትፈልጋለች። አምፖሉን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ አብሩት። እኔ ጠዋቱን የምመርጠው፣ ማታ መብራት ድንገት ሲጠፋ ቆጥ ላይ ሳይወጡ ስለሚጨልምባቸው ነው። ሰዓቱን አታቀያይሩ። ገና ላልደረሱ ቄቦች ግን ብርሃን አትጨምሩ። ወለሉ ላይ ላባ በዝቶ ካያችሁ ደግሞ ላባ እየቀየሩ ነው፤ በዚህ ጊዜ እንቁላል ይቀንሳሉና ታገሷቸው።

ጥያቄ፦ ነጭ ሽንኩርት በውሃ ብሰጥ ፈንግልን ይከላከላል?

አይከላከልም። ፈንግል ዶሮ የሚጨርስ በሽታ ነው፤ የሚከላከለው ክትባት ብቻ ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ጤና ተቋም ያመርተዋል፤ የወረዳችሁን የእንስሳት ሐኪም ጠይቁ። ስታመጡት በበረዶ ይዛችሁ ይሁን፣ ከሞቀ አይሠራም።

ጥያቄ፦ ለገና ገበያ የወጡ ቄቦች ገዝቼ ከነባሮቹ ጋር ልቀላቅል?

ወዲያው አይሆንም፤ በሽታ ይዘው መጥተው ሊሆን ይችላል። ቢያንስ 2 ሳምንት ለብቻቸው አቆያቸው። መጀመሪያ ነባሮቹን መግብ፣ ከዚያ ወደ አዲሶቹ ሂድ። ጫማህንም ቀይር።