መቼ ይፈታል? ስለ አመክሮ ለጠየቃችሁኝ

በጥብቅና ሥራዬ እንደ «መቼ ይፈታል?» ደጋግሞ የሚመጣብኝ ጥያቄ የለም። ከጎጃም ዙሪያ የላካችሁልኝን አሳጥሬ፣ የምችለውን ያህል መልሻለሁ።

ከደጀን፦ አመክሮና ይቅርታ አንድ ናቸው?

አይደሉም። ይቅርታ የሚሰጠው መንግሥት ነው። አመክሮ ግን ታራሚ ቅጣቱን ሳይጨርስ፣ ግዴታ ተጥሎበት የሚፈታበት መንገድ ነው። በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 202 ላይ ያለ ነው፤ የሚወስነውም ፍርድ ቤት ነው። ታራሚው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲጨርስ፣ ዕድሜ ልክ ከሆነ ደግሞ 20 ዓመት ሲሞላው ጥያቄው ሊታይ ይችላል። በአመክሮ ተፈታ ማለት ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ፍርድ ቤቱ የፈተና ጊዜ ይወስንበታል። በዚያ መሀል ሌላ ወንጀል ከሠራ ወይም የታዘዘውን ካልጠበቀ ተመልሶ ሊገባ ይችላል።

ከቢቸና፦ ጋሼ፣ ወንድሜ 15 ዓመት ተፈርዶበታል። ከፍርዱ በፊት ታስሮ የቆየበት ይታሰብለታል?

ይታሰብለታል እታለም። 15 ዓመት ከሆነ 10 ዓመት ሲሞላው ነው፤ ቆጠራውም ከታሰረበት ቀን ይጀምራል። ያ ቀን ፍርዱ ላይ በትክክል መጻፉን ዛሬውኑ እዩ። ስህተት ካለ አሁን ይታረም። ከ10 ዓመት በኋላ የድሮ መዝገብ ማስወጣት መከራ ነው።

ከሞጣ፦ አባቴ በድንበር ጠብ ሰው ገድሎ ታስሯል። ጊዜው ደርሷል፣ ጠባዩም ጥሩ ነው። የሟች ቤተሰብ የጠየቁት ካሳ ግን ከአቅማችን በላይ ነው። ካልከፈላችሁ አይፈታም ይሉናል። እውነት ነው?

ይህን ጥያቄ ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። ሕጉ «ካሳ ያልከፈለ አይፈታም» አይልም። የሚጠይቀው ፍርድ ቤት የወሰነውን ወይም ከተበዳይ ወገን ጋር የተስማሙበትን ጉዳት፣ ከሰውየው በአግባቡ የሚጠበቀውን ያህል መካሱን ነው። ሁለት ቃዳ መሬት ያለው ገበሬና ባለ ፎቅ ነጋዴ እኩል አይጠየቁም።

ችግሩ የሚመጣው አቅም የሚባለው ነገር ወረቀቱ ላይ ሳይኖር ሲቀር ነው። ዳኛው ፊት የሚደርሰው «ካሳ አልከፈለም» የሚል ብቻ ከሆነ ከየት ያውቃል? ስለዚህ መሬታችሁን፣ ከብቶቻችሁንና የቤተሰባችሁን ብዛት የሚያሳይ የቀበሌ ማስረጃ አያይዙ። እስካሁን የሰጣችሁት ካለ ሽማግሌዎቹ የፈረሙበትን ወረቀት አቅርቡ። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት።

ዕርቁንም አትተዉ። በእኛ አገር ደም ያለ ዕርቅ አይደርቅም። አባትሽ ቢፈታም መንደሩ ገብቶ በሰላም ማደር አለበት። ነገር ግን ዕርቁ የሚያስፈልገው ለሁለቱም ቤት ሰላም ነው። ሀብታም ቶሎ የሚወጣበት፣ ድሃ የሚቀርበት ጨረታ ሆኖ ሳይ ያመኛል።

ከፍኖተ ሰላም፦ ባሌን የገደለው ሰው አመክሮ ጠየቀ ሲሉ ገበያ ላይ ሰማሁ። እኔን ማን ጠየቀኝ?

እመቤቴ፣ ከገበያ መስማት አልነበረብዎትም። አመክሮ ይሻሻል የሚለው ሐሳብ ስለ ታራሚው ብቻ የሚያወራ ከሆነ ጎደሎ ነው። የሟች ቤተሰብ ጉዳዩ የሚታይበት ቀን ሊነገረው፣ ስጋት ካለውም ሊሰማ ይገባል። «እኔ ካልፈቀድኩ አይፈታም» የሚል መብት ሕጉ አይሰጥም፤ ይህን ስልዎ ሐዘንዎን አሳንሼ አይደለም። የሚሰጉ ከሆነ ግን ለዓቃቤ ሕግም ለፍርድ ቤቱም በጽሑፍ ያመልክቱ። ፍርድ ቤቱ ሲፈታው የሚጠብቀውን ግዴታ ማዘዝ ይችላልና ስጋትዎን ማወቁ ይጠቅማል።

ከቡሬ፦ ለአመክሮ ጠበቃ መያዝ ግድ ነው?

አይደለም። ማረሚያ ቤቱ ሐሳብ ያቀርባል፤ ታራሚው ራሱም ማመልከት ይችላል።

ከደብረ ማርቆስ፦ የሕግ ተማሪዎች ነን። በክልላችን አመክሮ በፍትሕ መሰጠቱን ማጥናት እንፈልጋለን። ከየት እንጀምር?

ጎሽ! ከመዝገብ ጀምሩ። የተፈቱትን ብቻ እንዳትቆጥሩ። ጊዜያቸው ደርሶ ያልጠየቁ፣ ጠይቀው ማረሚያ ቤቱ ያልደገፋቸው፣ ተደግፈው ፍርድ ቤት ያልተቀበላቸው አሉ። ሰው የሚቀረው የትኛው በር ላይ እንደሆነ ለዩ። ከዚያ ተመሳሳይ ወንጀልና ተመሳሳይ ቅጣት ያላቸውን አስተያዩ፦ የተማረና ያልተማረ፣ ወንድና ሴት፣ ጠያቂ ዘመድ ያለውና የሌለው። መዝገቡ ስንት ጊዜ እንደፈጀም ያዙ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ ባለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ የዘገየውን፣ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ከዘገየው ለዩት።

ከዚያ ምክንያቶቹን አንድ በአንድ አንብቡ። ሕጉ በሥራና በመልካም ጠባይ መሻሻሉን በተጨባጭ ያሳየ ነው የሚለው። እኔ ያየሁት አንድ የጠባይ ማስረጃ ግን ስምንት ዓመት ለታሰረ ሰው «ጠባዩ ዝቅተኛ ነው» የሚል አንድ መስመር ነበረው። ሰውየው እዚያው ፊደል ቆጥሯል፣ ሽመና ለምዷል፤ አንዱም አልተጻፈም። በምን ተለካ? በአንደኛ ዓመቱ የተጣላው በስምንተኛው ዓመት ይያዝበታል?

ታራሚ ስታነጋግሩ የማረሚያ ቤት ሠራተኛ አጠገቡ አይቁም። ስሙንም አትጻፉ።

ከመርጦ ለማርያም፦ አሜሪካኖች አመክሮን አስቀርተዋል ይባላል። እኛስ ብናስቀረው?

በፌዴራል ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1984 በወጣ ሕግ፣ ከኖቬምበር 1987 ወዲህ ለተፈጸሙ ወንጀሎች አስቀርተውታል። ብዙዎቹ ግዛቶች ግን አሁንም አላቸው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚወስነውም ቦርድ ነው። እኛ ዘንድ ዳኛ መሆኑን እወደዋለሁ፤ ዳኛ ምክንያት መጻፍ ሥራው ነው። ማስቀረቱን አልደግፍም። ቢለወጥም ባይለወጥም የሚወጣበት ቀን ያው ከሆነ፣ ታራሚው ለምን ብሎ ሙያ ይማራል?

ከዳንግላ፦ ወንድምዓለም፣ አንድ ነገር ብቻ ይቀየር ብትባል?

አመክሮ የተከለከለ ሁሉ ለምን እንደተከለከለ፣ ምን ቢያስተካክልና መቼ ቢመለስ እንደሚታይለት የሚገልጽ ወረቀት እጁ ላይ ይሰጠው። ማንበብ ካልቻለ ይነበብለት። ሁለተኛ ከተፈቀደልኝ፣ ጊዜው ከመድረሱ ስድስት ወር ቀድሞ ማረሚያ ቤቱ ራሱ ፋይሉን ይክፈት። አሁን ብዙ ቦታ ቀን ቆጥሮ የሚያስታውሰው ዘመድ ነው፤ ዘመድ የሌለው ታራሚ ጊዜው አልፎም ተቀምጦ ይቀራል።